የፓሪሱ እድር

ዜዙማ ሳኑ ሚስቱን የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያችን አንዷን ውሸት ማስታመም ነበር፤ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ሲመሽ አልብሶ ማስተኛት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቦቦ ዲዩላሶ ከተማ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ሚስቱ ፔላጂ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ዜዙማ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው፤ እንደ ልማዱ የደንበኛ ሞተር እቤት ድረስ አምጥቶ ሆድ ዕቃዋን ጆንያ ላይ ዘርግፎታል። ፔላጂ ከሥራ ሱሪው ኪስ የተጣጠፈ ብጣሽ ወረቀት አገኘች። መነኩሲቶቹ ዘንድ ጥቂት ዓመት ተምራለች፤ ስታነብ ግን ጮክ ብላ ነው፣ ፊደሎቹ እንዳያመልጧት የምትጣራ ይመስል።

«ፓ... ሪ... ሙ... ቱ... ዌል» አለች። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

መፍቻው ከዜዙማ እጅ ወደቀ።

ወረቀቱ የፈረስ ውርርድ ትኬት ነበር። ፈረሶቹ የሚሮጡት እዚያ ፈረንሳይ አገር ነው፤ የቦቦ ወንድ ግን ጠዋት ቁጥራቸውን መርጦ ገንዘቡን ያስይዛል፣ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን በሬዲዮ ሰምቶ ወይ ይጨፍራል ወይ የፈረሱን እናት ይሳደባል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን። በሌላ ሰው ቤት ይህ ነውር አይደለም። በፔላጂ ቤት ግን ነው። አባቷ በካርታ መጀመሪያ አንዱን በሬ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ በመጨረሻም በሬዎቹ የሚያድሩበትን ግቢ የተበላ ሰው ነበር። ስለዚህ በተጋቡ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሩዝ እየበተነባቸው፣ ፈገግታዋ ሳይደበዝዝ በዜዙማ ጆሮ እንዲህ ብላዋለች፦ «ብትጠጣ እችልሃለሁ። ሌላ ሴት ጋ ብትሄድ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። ቁማር ከተጫወትክ ግን ዕቃዬን ጠቅልዬ ኩሚ መንደር እናቴ ቤት ነኝ። ተከትለህ እንዳትመጣ።»

«ሙቱዌል ነዋ» አለ ዜዙማ፣ መፍቻውን ለማንሳት አጎንብሶ። አጎንብሶ ቀረ።

ሙቱዌል በዚያ አገር የታወቀ ቃል ነው። የጥጥ ገበሬው ሙቱዌል አለው፣ አስተማሪው ሙቱዌል አለው፣ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች እንኳ ሙቱዌል አላቸው። ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ከተዋጣው አውጥተው ይረዳዱበታል። እኛ እድር የምንለው ነው።

«እድር ገባህ?»

«ገባሁ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ላስደንቅሽ ብዬ።»

ፔላጂ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳችው። «ፓሪ የሚለውስ?»

ፓሪ ማለት ውርርድ ማለት ነው። ዜዙማ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን እግዚአብሔር ፈረንሳዮችን ሲፈጥር ለውርርድና ለዋና ከተማቸው አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጥቷቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል አይጠሯትም።

«ፓሪስ ነው» አለ። «እድሩ ከዚያ ነው የመጣው።»

«የፓሪስ እድር?»

«አዎ።»

ፔላጂ በሳሙና አረፋ የተሞሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ዜዙማ ቀና ብሎ ሲያያት ከሠርጋቸው ወዲህ አይቶት የማያውቀው ፊት ገጠመው። ኮርታበታለች። ሰው እንደዚያ ኮርቶበት የማያውቅ ባል እንዴት አድርጎ «የለም፣ ቁማር ነው» ይላል? ዜዙማም አላለም።

ከዚያ በኋላ ሕይወት ለጊዜው ገነት ሆነች። እሁድ ሲነጋ ፔላጂ ራሷ ትቀሰቅሰዋለች። «ተነስ እንጂ! የእድሩን መዋጮ ሳትከፍል ልትቀር ነው?» ትልና ኪሱን ትደባብሳለች፤ ካነሰው ባቄላ ሸጣ ካገኘችው ትጨምርለታለች። ትኬቱን ሲያመጣ ደረሰኝ ነው ብላ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጎረቤት ሴቶች ቅናት አንገበገባቸው። «የእኛ ባሎች ከቦቦ እድር እንኳ ተባረዋል፣ የሷ ባል ፓሪስ ገብቶ ተቀመጠ!» ይሉ ነበር፣ እየሰማች።

አንዴ ቀንቶት ያስያዛቸው ሦስት ፈረሶች ተከታትለው ገቡ። ዋክስ የሚሉትን ባለ ቀለም ጨርቅ ገዝቶላት «እድሩ ለፋሲካ ያከፋፈለው ነው» አላት። ጨርቁን ለብሳ ከጸሎት በኋላ ቄሱን ጨብጣ «ፓሪሶች አይረሱንም፣ አባ» አለቻቸው። ቄሱም ባረኩት።

አደጋ ያልነበረ አይደለም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ፣ በእንቅልፍ ልቡ «ግፊ! ግፊ የማታ ንግሥት! አንቺ ሰነፍ፣ ወገብሽን ጠበቅ አድርጊ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። ሲነቃ ፔላጂ ዘነዘና ይዛ እላዩ ላይ ቆማለች።

«የማታ ንግሥት ማናት?»

ፈረስ ናት። ያውም መጨረሻ የምትወጣ ፈረስ። ዜዙማ ዓይኑን አሻሸ።

«የእድሩ ሊቀመንበር ናት።»

«ወገቧን ምን አድርጊ ነው የምትላት?»

«አሮጊት ናት፣ ፔላጂ። ወገቧን ያማታል። በስብሰባ ላይ ቀበቶ እንድታስር መክሬያታለሁ።»

ፔላጂ ዘነዘናውን አስቀመጠች። ማታ ስትጸልይ «የማታ ንግሥትንም ወገቧን ማርልኝ» ስትል ሰማት። ዜዙማ ትራሱ ውስጥ ፊቱን ቀበረ፤ ይሳቅ ይልቀስ ራሱም አላወቀም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ዴምባ ሲዲቤ። ዴምባ ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒ ጎሳ ነው፤ ሥጋ ሻጭ ሆኖ እሱ ላይ ግን ሥጋ የሚባል የለም። የዜዙማ ጎሳ ቦቦና የዴምባ ጎሳ ፉላኒ ከጥንት የመሰዳደብ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ሌላውን ሎሌዬ ይለዋል፣ የፈለገውን ይሰድበዋል፣ የተሰደበው መቆጣት አይችልም። ቢቆጣ ነውሩ የሱ ነው። ዜዙማና ዴምባ ይህን መብት በየቀኑ ይጠቀሙበታል።

ምስጢሩን የሰማ ዕለት ዴምባ የሥጋ መክተፊያው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «አይ የኔ ሎሌ! እናንተ ቦቦዎች ጠላ ስትጠጡ ነው ውሸት የምትችሉበት ብዬ ነበር። ሳትጠጡም ትችላላችሁ!»

«አንተ የላም ጅራት! ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔ? እኔማ የእድሩ አባል ነኝ። ወይስ አይደለሁም?»

ነበር። ያውም ዴምባ ዕድሉ የሚቀናው ዓይነት ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ብዙ ሰው የተሸነፈበትን ውርርድ ብቻውን ማለት ይቻላል በልቶ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ሞተሯን ደግሞ የሚጠግናት ዜዙማ ነው፣ በነፃ፣ በዘመድነት።

ገነት የፈረሰችው የፔላጂ እናት ስትሞት ነው። አሮጊቷ ብዙ ኖራ፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይታ፣ ተኝታ ሳለ ነው ያለፈችው። ወዲያው ተቀበረች። የታላቁ ድግስ ቀን ግን፣ ባላፎን የሚባለው የእንጨት ሙዚቃ መሣሪያ የሚመታበት፣ ጠላ በእንስራ የሚቀዳበት፣ አማች ሁሉ አማችነቱን የሚያሳይበት ቀን፣ ገና ነበር። የፔላጂ ወንድሞች ቀኑን ለመንገር ከኩሚ መጥተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ አማቻችን፣ ወጉን ታውቀዋለህ...» ብሎ ጀመረ።

«እሱ አያስብ!» አለች ፔላጂ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል። «የፓሪስ እድር አለ። ይኼን ሁሉ ዓመት የከፈልነው ለዚህ ቀን ነው። በጉንም፣ ጠላውንም፣ የእናቴን ጨርቅም ይዞ በወግ ይመጣል።»

ወንድሞቿ ተያዩ። «ነጮቹ ራሳቸው ይመጣሉ?» አለ ታናሽየው።

ሁሉም ወደ ዜዙማ ዞሩ። «ወኪል... ወኪል ይልካሉ» አለ።

በማግስቱ የሌለውን ገንዘብ ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ያበደሩት ሁሉ ገና አልተመለሰላቸውም፤ ያላበደሩት ደግሞ ይህን ስለሚያውቁ ነው ያላበደሩት። እሁድ ጠዋት አንድ መላ ብቻ ቀረው፣ እዚያው ገደል ውስጥ የከተተው መላ። የቀረችውን ሳንቲም ይዞ ወደ ውርርድ ኪዮስኩ ሄደ።

ኪዮስኩ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር የቆመ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ኦዴት ሚሎጎ ተቀምጣ ትኬት ትሸጣለች፤ መስኮቷ ጠባብ ስለሆነች ከውጭ የሚታየው ፊቷ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ቅድስት ሥዕል። ወንዶቹም ይለማመኗታል። የሚለማመኗትን ያህል ትሰድባቸዋለች።

ዜዙማ ቁጥሮቹን ነግሯት ትኬቱን ተቀብሎ ገና ዞር ሲል ነው ያየው። ፔላጂ በመንገዱ እየመጣች ነበር። የሐዘን ልብሷን ለብሳ፣ የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ በሁለት እጇ አቅፋ። ትኬቶቹ ጀርባ ላይ ያለውን አድራሻ አንብባ መሆን አለበት። ዜዙማ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም፤ እግሩ አስቦለት ከማንጎው ጀርባ ወሰደው።

ወንዶቹ የሐዘን ልብስ ሲያዩ ከአግዳሚው ተነሱ። ፔላጂ በአንገቷ ሰላምታ ሰጥታ ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ። እናቴ ሞታለች።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለች ኦዴት።

«የዜዙማ ሳኑ ሚስት ነኝ። መዋጮ አጓድለን አናውቅም፤ ደረሰኙ ይኸው ሁሉም። ድግሱ ቅዳሜ ስለሆነ እድሩ የሚሰጠንን ልቀበል ነው የመጣሁት።»

ከማንጎው ጀርባ ዜዙማ መሬት ተከፍታ እንድትውጠው ለመነ። መሬት ሥራ በዝቶባት ነበር።

ኦዴት ቆርቆሮውን ከፈተች። አንዱን ትኬት አወጣች፣ ሁለተኛውን አወጣች፣ ከዚያ እጇን ውስጡ ትታ ቀረች። ከኋላ አንድ ሰው የታፈነ ሳቅ ሳቀ። ዴምባ ነበር፤ ኩርኩም ቀመሰና ዝም አለ።

«እህቴ» አለች ኦዴት፣ ዜዙማ ከዚያ በፊት ከሷ ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ «ይኼ እድር አይደለም። የፈረስ ውርርድ ነው።»

«ሙቱዌል ይላል እኮ።»

«ይላል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚወራረዱ ነው እንደዚያ የተባለው። ገንዘባቸው አንድ ላይ ይጠራቀማል፤ አጫዋቹ ድርሻውን ያነሳል፣ የተረፈውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ፓሪ ማለት ደግሞ ውርርድ ነው።»

«ፓሪስ አይደለም?»

«አይደለም።»

«የማታ ንግሥትስ?»

«ፈረስ ነበረች። እግሯ ተሰብሮ ተገላገልናት።»

አሁን ግን ዴምባን የሚያስቆም ኩርኩም አልተገኘም። አግዳሚው ላይ ተዘርግቶ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ፔላጂ ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ኦዴት ያወጣቻቸውን ትኬቶች አንድ በአንድ አስተካክላ፣ ጠርዛቸውን እኩል አድርጋ ወደ ቆርቆሮው መለሰቻቸው፣ ክዳኑንም ገጠመች። ዜዙማን የገደለው ይኼ ነው። ብትጮኽ ይሻለው ነበር፣ ብትወረውርበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ዞር ብላ ወንዶቹን አየቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ያሸነፈ ሰው የሚወስደው የማንን ገንዘብ ነው?»

«የተሸነፉትን» አለ አንዱ።

«ባሌ አሸንፎ ያውቃል?»

«አንዴ» አለች ኦዴት። «ፋሲካ አካባቢ።»

«ሌላውን ጊዜ ሁሉ የሱን የበላው ማነው?»

ሳቁ ቆመ። አንዱ ጫማውን ያይ ጀመር፤ ሌላው ጋዜጣውን ገለጠ፣ ገልብጦ ይዞት ነበር።

«ዴምባ» አለች ፔላጂ። «ያቺን ሞተር ሳይክል በምን ገዛሃት?»

«በፈረስ፣ የሎሌዬ ሚስት።»

«በማን ፈረስ?»

ዴምባ አግዳሚው ላይ ቀና አለ። «በ... በባልሽ ሳይሆን አይቀርም።»

«እኔ ባቄላ ሸጬ የጨመርኩበትም አለበት። ስለዚህ ይኼን ሁሉ ዓመት ስቀልባችሁ ኖሬያለሁ። እድር አይደለንም ትላላችሁ? እድር ናችሁ እንጂ! እድርተኛው ሲቸግረው የሚጠፋ፣ ሲደላው የሚበላ እድር!» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ፣ መልሳ አቃናችው። «እኔ ወንድሞቼ ፊት የፓሪስ እድር ይመጣል ብያለሁ። ቅዳሜ ኩሚ ትመጣላችሁ። በወግ፣ በልብስ፣ እጃችሁን ሞልታችሁ። እናቴ በቁማርተኛ ባል ያፈረችው ይበቃታል፣ በኔ አታፍርም።»

ፔላጂ ቆርቆሮዋን አንስታ መንገድ ጀመረች፤ ሳትዞር እንዲህ አለች፦

«ዜዙማ፣ ከዛፉ ጀርባ ውጣ። ሆድህ ይታያል።»

ያን ቀን የዜዙማ ፈረሶች በሦስት የተለያየ መንገድ ተሸነፉ። እቤት ሲገባ ፔላጂ ገንፎውን አቀረበችለት፣ ምንጣፉን ግን ውጭ ነበር ያነጠፈችለት። «ይቅር በይኝ» አላት በደጃፉ። «ቅዳሜን ተሻገር፣ ከዚያ እናያለን» አለችው። ዕቃዋን አለመጠቅለሏን ቆጥሮ ትንኝ ሲበላው በምስጋና አደረ።

ቅዳሜ ደረሰ። ኩሚ ከሩቁ ባላፎኑ ይሰማል። ዜዙማ ከፔላጂ ወንድሞች ጎን ቆሞ መንገዱን ያያል። ይመጣሉ ብሎ አላመነም ነበር። ቁማርተኛ ነው፤ ቁማርተኛን ያውቃል።

አቧራው ተነሳ። ከፊት ዴምባ በሞተር ሳይክሉ፣ ከኋላው በግ ታስሮበት፤ በጉ የባለቤቱን ያህል ኮርቷል። ቀጥሎ የማንጎ ዛፉ ሥር ሰዎች በሙሉ፣ በተዋሱት ኮት፣ ማሰሮና ጨርቅ ተሸክመው። መሀላቸው ኦዴት፣ ትልቅ ባርኔጣ አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ እያነከሰች። ዜዙማ ኦዴትን ከአንገቷ በታች ሲያይ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«እሷ ማናት?» አለ ታላቅ ወንድምየው።

«ሊቀመንበሯ» አለች ፔላጂ ሳትደነግጥ። «የማታ ንግሥት ይሏታል። ወገቧን ያማታል።»

ዴምባ ንግግር እንዲያደርግ ተመርጦ ነበር፣ በጨዋ ደንብ ለመናገርም ምሎ ነበር። ግን ፉላኒን የቦቦ ድግስ ላይ አቁሞ ጨዋ ሁን ማለት ድመትን ዓሣ አስጠብቆ ማመን ነው። «የፓሪስ እድር ሐዘናችሁን ይካፈላል» ብሎ ጀመረ፣ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ አቅቶት ጮኸ፦ «ግን ማን ፈቀደላት? ሎሌዬ ሳታስፈቅደኝ እንዴት ትሞታለች? ወተቴን ማን ይቀዳልኛል? አምጧት፣ አልሰናበትኳትም!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አሮጊቶች ዱላ ይዘው አሳደዱት፤ በጉ ተፈትቶ የጠላው እንስራ ላይ ወጣ። ባላፎን መቺዎቹ የዴምባን ሩጫ ተከትለው ይመቱ ጀመር። ፔላጂ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክታለቅስ ሳቀች፣ እየሳቀችም አለቀሰች፣ ሁለቱንም ባንዴ። ዜዙማ እጇን ሊይዝ ሞከረ። አልከለከለችውም።

ሁሉም በደህና ያለቀ ሲመስል የሟቿ ወንድም ከጥላው ሥር በትሩን ተመርኩዞ ተነሳ። ቶንቶን፣ ማለት አጎቴ፣ የሚሉት ሱንጋሎ በወጣትነቱ የፈረንሳይ ወታደር ነበር፤ ደረቱ ላይ ሜዳልያዎች፣ አፉ ውስጥ ጥቂት ጥርሶች ቀርተውታል።

«አንተ አማች» አለ። «የዚህ እድር ስሙ ማነው አልክ?»

«የፓሪስ... ሙቱዌል፣ ቶንቶን።»

«ፓሪ ሙቱዌል ማለትህ ነው?»

ኦዴት ማነከሷን ረሳች።

«አውቀዋለሁ» አለ ሽማግሌው። «ፓሪስ አጠገብ ሰፍረን ሳለ አባል ነበርኩ። እሁድ እሁድ እከፍል ነበር። የወታደር ደሞዜን በሙሉ ለሱ ነው የሰጠሁት።» መንደርተኛው በአድናቆት አጉረመረመ። ሽማግሌው ግን ዓይኑን ከዜዙማ ላይ አላነሳም፣ በዚያ ዓይን ውስጥ አንድ ነገር ይስቃል። «እንዴት እንደተጀመረ እዚያ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ጥንት የውርርዱን ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ከያንዳንዱ ተወራራጅ ጋር ራሱ ነበር የሚጋጠመው። ሲበላ ይበላል፤ ሲበላበት ግን አጥር ዘሎ ከፈረሶቹ በላይ ይሮጣል። ኋላ አንድ የፓሪስ ነጋዴ ተነሳና፣ ከኔ ጋር ምን አጋጠማችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ተጋጠሙ፣ እኔ ለድካሜ ልቆንጥርና የቀረውን ተካፈሉ አለ። ሙቱዌል የተባለው ለዚህ ነው። ሰውየውን ፍርድ ቤት አቆሙት፣ አሰሩት። መንግሥት በኋላ ሣጥኑ ስንት እንደሚይዝ ሲያይ ነገሩ ቅዱስ ሆነ።»

«እና የምን እድር ነው ታዲያ?» አለ ታናሽ ወንድምየው ግራ ተጋብቶ። «ውርርድ ትላለህ፣ እድር ትላለህ!»

«እድርስ ምንድን ነው?» አለ ቶንቶን ሱንጋሎ። «ሁላችን እናዋጣለን፣ ቀድሞ የሞተ ይበላል። ከዚህ በላይ ምን ውርርድ አለ? እህቴ ዛሬ አሸንፋለች። እኔ ደግሞ ይኼን ሁሉ ዘመን እየከፈልኩ፣ ይኸው፣ ገና እየሮጥኩ ነው!» አለና በትሩን ወደ ላይ አነሳ። «ጠላ ቅዱልኝ።»

ቅድም ያልሳቀ ሰው እንኳ አሁን ሳቀ። ዜዙማ ሽማግሌው እግር ሥር ሊንበረከክ ሲል ቶንቶን በበትሩ ጫፍ ገፋ አድርጎ በሹክሹክታ «የትኛውን ፈረስ ነው የምትይዘው አንተ?» አለው። «እንዴት እንዲህ ትሸነፋለህ?»

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። መንደርተኛው እድሩን ወደደው። በግ አይቷል፣ ጠላ ጠጥቷል፣ ባርኔጣ ያላት ሊቀመንበር አይቷል። «እኛስ መግባት አንችልም?» እያለ ኦዴትን ከበባት። ሴቶች ከመቀነታቸው ሳንቲም ይፈቱ ጀመር። ኦዴት የትኬት ሻጭ ደም ተንቀሳቀሰባት፣ እጇ ሳይታዘዝ ተዘረጋ።

«አንቺ!» አለች ፔላጂ።

እጁ ተመለሰ።

ፔላጂ አግዳሚ ላይ ወጣች። «መግባት ይቻላል» አለች። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል። ፈረስ የለም። የታመመ ይወስዳል፣ የሞተበት ይወስዳል። ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ። ፓሪስ የሚጠይቀኝ ነገር ካለ እዚህ ይምጣ።»

«እኛስ?» አለ ዴምባ፣ ዱላ የሸሸበት ዛፍ ላይ ተቀምጦ። «እኛ የድሮ አባላቱ?»

«እናንተ ሁለት እጥፍ ትከፍላላችሁ።»

ከፈሉ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ሁሉም አይደሉም፤ አንዱ እስካሁን ሸሽቶ ይኖራል። ግን እሁድ ጠዋት ፔላጂ ከማንጎው ሥር ባቄላዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ወደ ኦዴት መስኮት የሚሄድ ሰው በሷ አጠገብ ማለፍ አለበት፣ ስታየው ደግሞ የሆነ ነገር ቆርቆሮዋ ውስጥ ጠብ ያደርጋል። ኦዴት ገበያዬን ዘጋችብኝ ብላ ትነጫነጫለች፣ ምሳዋን ግን ከፔላጂ ነው የምትበላው።

ዜዙማ ወደ ቤቱ ምንጣፍ ተመልሷል። ትኬት አይገዛም፤ የሚገዛበት የለውም፣ ኪሱን የምትደባብሰው አሁንም እሷ ናት። ማንጎው ሥር ግን አይቀርም። ጋዜጣውን ይገልጣል፣ ፈረሶቹን ይመረምራል፣ ቁጥር በጩኸት ይናገራል። ሰዎቹም ጆሯቸውን አቁመው ይሰሙትና እሱ ያለውን ብቻ ትተው ሌላውን ያስይዛሉ።

ባለፈው እሁድ ሬዲዮው ሦስቱን ቁጥሮች ተከታትሎ ሲጠራ፣ ልክ ዜዙማ ጠዋት እንደጠራቸው ነበር። ማንም አልያዛቸውም። ዜዙማ አፉን ከፍቶ፣ እንባው መጥቶ፣ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ፔላጂ፣ ሰማሽ? ሞተር ሳይክል ነበር እኮ! ቤት ነበር!»

«ሰማሁ» አለች ባቄላዋን እየለቀመች። «ታመምክ?»

«ሞትኩ!»

«ከሞትክ አባል ነህ» አለችና ቆርቆሮውን ነቀነቀችለት። «ተኛና የሚገባህን ልቁጠርልህ።»